የባለቤቴ ቅድመ አያት ከክሮኤሺያ ነው የመጡት፤ ይህ "የቤተሰብ አርማ" እውነት የእነሱ ነው?

#1 እናት_በፒትስበርግ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ላይ ሳነብ ቆይቻለሁ፤ ዛሬ ግን እርዳታችሁን ፈልጌ ነው የመጣሁት።

የባለቤቴ ወገን ከክሮኤሺያ ነው። ቅድመ አያቱ በ1900ዎቹ መጀመሪያ ወደ ፔንሲልቬንያ መጥተው ብረት ፋብሪካ ውስጥ ሲሠሩ ኖረው እዚሁ አረፉ። የቤተሰቡ ስም እዚህ "ኮቫሴቪች" ተብሎ ይጠራል።

ባለፈው ገና አማቴ ኢንተርኔት ላይ አይታ፣ በፍሬም የተደረገ "የኮቫሴቪች ቤተሰብ አርማ" ገዝታ ለልጆቼ አመጣች። ቀይ ጋሻ ነው። ጋሻው ላይ በኋላ እግሩ የቆመ አንበሳ አለ። ከላይ የብረት ቁር፣ ከታች ስሙ የተጻፈበት ሪባን። ጀርባው ላይ ደግሞ "ጥንታዊ የመኳንንት ቤት" የሚል የምስክር ወረቀት ተለጥፎበታል።

ትልቁ ልጄ አሁን የዘር ሐረግ ሥራ ከትምህርት ቤት ተሰጥቶታል። በእኔ በኩል ችግር የለም፤ አባቴ ስልክ ላይ ሆኖ ሰባት ቤት ቆጠረለት። በአባቱ በኩል ግን ከዚህ አርማ ሌላ የያዝነው ነገር የለም። "እማዬ፣ እኛ ልዑላን ነበርን ማለት ነው?" ይለኛል። ያልሆነውን ነው ብዬ ልነግረው አልፈልግም። አማቴንም ማሳዘን አልፈልግም፤ ከልቧ ነው ያመጣችው።

የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። አርማው የእነሱ ነው? ካልሆነስ ከየት ልጀምር?

#2 መዝገብ_ወዳድ (ቪየና)

እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

በድሮው የክሮኤሺያ ሥርዓት አርማ የሚሰጠው ለስም አልነበረም፤ ለሰው ነው። ንጉሡ አንድን ሰው በጦርነት ወይም በአገልግሎት ሲያከብረው በብራና የተጻፈ ደብዳቤ ይሰጠዋል። "ግርቦቭኒትሳ" ይሉታል። አርማው ደብዳቤው ላይ በቀለም ይሣላል፤ ከታች የንጉሡ ማኅተም ይንጠለጠላል። ማን እንደተሰጠው በስም ይጠራል፦ እሱ፣ ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ አንዳንዴ ወንድሞቹ። ከዚያ ደብዳቤው በጉባኤ ፊት በይፋ ይነበባል። ከዚህ ሰው ዘር የተወለደ አርማውን ይወርሳል። ጎረቤቱ አንድ ዓይነት ስም ቢኖረውም አይወርስም።

አሁን የእናንተን ስም ተመልከቺ። "ኮቫች" ማለት አንጥረኛ ነው፤ ኮቫቼቪች ደግሞ የአንጥረኛ ልጅ። አንጥረኛ የሌለው መንደር የለም። ስለዚህ ይህ ስም በየቦታው፣ እርስ በርስ ሳይገናኝ፣ ደጋግሞ ተወልዷል። ዛሬ በክሮኤሺያ በብዛት ከሚገኙት ስሞች አንዱ ነው። አንድ የኮቫቼቪች ቤት በሆነ ዘመን አርማ አግኝቶ ሊሆን ይችላል። ሻጮቹ የሚያደርጉት ያንን አንዱን አርማ፣ ወይም ጭራሽ ከጣሊያን የተገኘ ተመሳሳይ ነገር አንስተው፣ ስሙን ለያዘ ሁሉ መሸጥ ነው። ያ የምስክር ወረቀት ከማተሚያ ቤት የወጣ እንጂ ከመዝገብ ቤት የወጣ አይደለም።

እውነተኛውን ነገር ማጣራት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የኢቫን ቦይኒቺችን ሥራ ነው። በ1899 በጀርመንኛ የታተመ ነው፤ የክሮኤሺያንና የስላቮኒያን መኳንንት ቤቶች ከነአርማቸው ይዘረዝራል። ዛግሬብ ያለው የክሮኤሺያ መንግሥት መዝገብ ቤትም ደብዳቤዎቹን ራሳቸውን ይዟል። ግን እዚያ ስሙን ማግኘት ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ከዚያ ሰው እስከ ባለቤትሽ ቅድመ አያት ድረስ ልጅ ከአባት እየተያያዘ መምጣት አለበት።

ደግሞ ይህ ዛሬ የተጀመረ ነገር እንዳይመስልሽ። ታላላቆቹም አድርገውታል። የክርክ ደሴት ጌቶች የነበሩት ፍራንኮፓኖች የድሮ አርማቸው ኮከብ ነበር። በ1430 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ማርቲን አምስተኛ ከሮም ፍራንጂፓኒ ቤት ጋር ዝምድና እንዳላቸው አጸደቁላቸው። ከዚያ በኋላ ስሙንም አርማውንም ወሰዱ፦ ሁለት አንበሶች ፊት ለፊት ቆመው እንጀራ ሲቆርሱ። ዝምድናው ግን በማስረጃ የቆመ አልነበረም። በ1500ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ከዱብሮቭኒክ አጠገብ ከስላኖ የወጣ ፔታር ኦህሙቼቪች የሚባል የስፔን ባሕር ኃይል አዛዥ ነበር። የጥንት መኳንንት ዘር መሆኑን ለማሳየት ሐሰተኛ ሰነድ አሠርቷል። "የኢሊሪያ አርማ መጻሕፍት" የሚባሉትን ብዙ ተመራማሪዎች ከእሱ ጋር ያያይዟቸዋል። ከእነሱ ውስጥ ቀኑ የታወቀው ቀደምት ቅጂ የ1595 ነው። ዛሬ ኢንተርኔት ላይ ከሚሸጡት ሥዕሎች አንዳንዶቹ መነሻቸው እነዚሁ መጻሕፍት ናቸው።

ከየት ልጀምር ላልሽው፣ ስሙን ተዪውና መንደሩን ፈልጊ። ቤት ውስጥ ያለውን ወረቀት ሁሉ አውጪና እዚህ ጻፊልን።

#3 ሰላም_ነው

መዝገብ ወዳድ፣ ትምህርቱን አከብራለሁ። ግን ትንሽ አልጠነከረም? አያት ለልጅ ልጆቿ ስጦታ አመጣች። ግድግዳ ላይ ያምራል። ልጁም ይደሰታል። ማንን ጎዳ? ስንቱ ሰው ቤት ያልሄደበት አገር ሥዕል ተሰቅሎ የለም?

#4 መዝገብ_ወዳድ (ቪየና)

ሰላም ነው፣ እንደ ሥዕል ይሰቀል፤ እኔም አልቃወምም። የሚያስጨንቀኝ ጀርባው ላይ ያለው ወረቀት ነው። ብረት ሲያቀልጡ የኖሩ ሰው ነበሩ። በእሳቸው ቦታ አንድ ያልነበረ ባላባት ቢቀመጥ እኚህ ሰው ይረሳሉ። የልጁ እውነተኛ ወገን ደግሞ እሳቸው ናቸው።

አርማ ለሚወድ ልጅ ሌላ መፍትሔ አለ። የአገሪቱን አርማ ይሣል። "ሻሆቭኒትሳ" ይባላል፤ ቀይና ነጭ ዳማ ነው። ሃያ አምስት ካሬ አለው፤ 13 ቀይ፣ 12 ነጭ። የመጀመሪያው ካሬ ቀይ መሆን አለበት። ከላይ እንደ ዘውድ የተደረደሩ አምስት ትናንሽ ጋሻዎች አሉ፦ የጥንቷ ክሮኤሺያ፣ ዱብሮቭኒክ፣ ዳልማቲያ፣ ኢስትሪያ፣ ስላቮኒያ። በዚህ መልኩ የጸደቀው በታኅሣሥ 1990 ቢሆንም፣ ዳማው ራሱ ከ1400ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይታወቃል። ይህኛውን የእኔ ነው ቢል ማንም አይከራከረውም።

#5 ጎረቤት_ትሪየስቴ

እኔ ያለሁት ጣሊያን ውስጥ፣ ክሮኤሺያና ስሎቬኒያ ድንበር አጠገብ ነው። አንድ አረጋዊት እየተንከባከብኩ ስለምሠራ የሰፈሩን ታሪክ እሰማለሁ። ስለ ስም አጻጻፍ ልጨምር።

ያው አንድ ስም እንደ ጸሐፊው ይለዋወጣል። የክሮኤሺያ ሰው "ች"ን በአንዲት ፊደል ላይ ጭረት አድርጎ ይጽፋታል። ጣሊያን ወይም እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጸሐፊ ከኋላዋ "ኤች" ይጨምርባታል። ጀርመን ጸሐፊ አራት ፊደል ይደረድራል። ሃንጋሪው ደግሞ "ሲ" እና "ኤስ" አድርጎ ይጽፋታል። ደቡብ አሜሪካ የሄዱት ጭረቷን ጥለው በ"ክ" ድምፅ የሚጠሩ ልጆች ወልደዋል። የቺሊ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጋብሪኤል ቦሪክ ዘራቸው ከኡግልያን ደሴት ነው፤ እዚያ ስሙ "ቦሪች" ነው። ስለዚህ እህቴ፣ መዝገብ ስትፈልጊ በአንድ አጻጻፍ ብቻ አትፈልጊ። የመጀመሪያዎቹን አራት አምስት ፊደላት ብቻ አስገቢና የሚመጣውን ሁሉ አንድ በአንድ እዪ።

እዚህ አካባቢ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ኢስትሪያ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጣሊያን እጅ ነበረች። በፋሺስቱ ዘመን፣ ከ1927 ጀምሮ፣ የስላቭ ስሞችን "ወደ ጣሊያንኛ መመለስ" የሚል ሕግ እዚህ ተሠራበት። ቮዶፒቬትስ የነበረው ሰው ቤቪላኳ ሆኖ አደረ። አሠሪዬ እንደነገሩኝ በአንድ ቤት ታላቅየው በአንድ ስም፣ ታናሽየው በሌላ ስም የተቀበሩ አሉ። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ መቃብር ላይ ቆመው ዘመዳሞች መሆናቸውን አያውቁም።

#6 እናት_በፒትስበርግ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ከባለቤቴ ጋር የአባቱን ሣጥን ከፈትን። አማቴም መጥታ አብራን ተቀመጠች።

የተገኘው ይህ ነው። አንደኛ፣ የዜግነት ማመልከቻ ቅጂ። የትውልድ አገር "ሃንጋሪ" ይላል፤ ባለቤቴ "ሃንጋሪ ነበሩ እንዴ?" ብሎ ደነገጠ። ሁለተኛ፣ የመርከብ ተሳፋሪዎች ዝርዝር ኢንተርኔት ላይ አገኘን። 1907፤ መርከቧ ካርፓቲያ፤ የተነሱት ከፊዩሜ። ስማቸው የተጻፈው መዝገብ ወዳድና ትሪየስቴ እንዳላችሁት በሌላ መልክ ነው፤ መጨረሻው "ሲ-ኤስ" ነው። የመጠሪያ ስማቸው "ጁሮ" ተብሏል። እኛ የምናውቃቸው ጆርጅ ብለን ነው። ዜግነት ሃንጋሪ፤ ዘር በሚለው ሣጥን ውስጥ ክሮኤሺያዊ። የመጨረሻ መኖሪያ በሚለው ላይ "ያስካ" የሚመስል ነገር አለ። ካርታ ላይ ፈልጌ አጣሁት። የሚቀበላቸው ሰው የአክስት ልጅ፣ አሌጌኒ፤ እዚሁ ፒትስበርግ ማለት ነው።

አማቴ "ስማችንን ኤሊስ ደሴት ላይ፣ ኒው ዮርክ ስደተኞች በሚመረመሩበት ቦታ፣ ነው የቀየሩብን" ትላለች። እውነት ነው?

#7 መዝገብ_ወዳድ (ቪየና)

እህቴ፣ ትልቅ ነገር ነው ያገኘሽው!

ከሃንጋሪ ልጀምር። በዚያ ዘመን ክሮኤሺያ የኦስትሪያ-ሃንጋሪ ግዛት ነበረች፤ ያውም ለሁለት ተከፍላ። ዛግሬብ ያለችበት ክፍል በ1868ቱ ስምምነት ከሃንጋሪ ዘውድ ሥር ነበር። የባሕሩ ዳርቻ፣ ዳልማቲያና ኢስትሪያ፣ በቪየና ሥር ነበሩ። ስለዚህ ከዛግሬብ አካባቢ የመጣ ሰው "ሃንጋሪ" ይባላል፤ ከህቫር ደሴት የመጣ "ኦስትሪያ" ይባላል። ሁለቱም ክሮአት ናቸው። አሜሪካኖች "ዘር" የሚለውን ሣጥን የጨመሩት ይህን ለመለየት ነው። ለእናንተ ደግሞ በደንብ ለይቶላችኋል።

ኤሊስ ደሴት ላይ ስም አይቀየርም ነበር። ዝርዝሩ የሚጻፈው ሰዎቹ በሚሳፈሩበት ወደብ፣ በመርከብ ኩባንያው ጸሐፊ ነው። ኒው ዮርክ ያለው ተቆጣጣሪ የተጻፈውን እያየ ይጠይቃል እንጂ አዲስ ስም አያወጣም። ለዚህ ነው ስማቸው በሃንጋሪ አጻጻፍ የተገኘው፤ ፊዩሜ፣ የዛሬዋ ሪዬካ፣ የሃንጋሪ ወደብ ነበረች። ስም የሚለወጠው በኋላ ነው። የፋብሪካ ደመወዝ ከፋይ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ አንዳንዴም ሰውየው ራሱ ይለውጠዋል። ስፕሊት ተወልዶ አሜሪካ የገባው መሐንዲስ አንቱን ሉቺች ራሱን አንቶኒ ሉካስ አለ። በጥር 1901 ቴክሳስ ውስጥ ስፒንድልቶፕ ላይ ነዳጁን ያፈነዳው እሱ ነው። ማንም አላስገደደውም።

ካርፓቲያ ያልሻት መርከብ ደግሞ ያቺው በ1912 ከታይታኒክ የተረፉትን ያነሳችው ናት። ያን ጊዜም ከኒው ዮርክ ተነስታ ወደ ፊዩሜ እየተመለሰች ነበር። ለልጅሽ ንገሪው፤ ደስ ይለዋል።

አሁን "ያስካ"። ካርታ ላይ ያጣሽው አለምክንያት አይደለም። ያስካ የአገሬው ሰው ያስትሬባርስኮን የሚጠራበት አጭር ስም ነው። ከዛግሬብ ወደ ካርሎቫትስ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ከዛግሬብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ ከተማ ናት። በ1257 ከንጉሥ ቤላ አራተኛ የነጻነት ደብዳቤ ያገኘች ጥንታዊ ገበያ ናት። ግን ተጠንቀቂ። ስደተኛው ለጸሐፊው የሚናገረው የሚታወቀውን ትልቅ ቦታ ነው። መንደራቸው በዙሪያው ካሉት ከአንዱ ሊሆን ይችላል። በዙሪያው ደግሞ ብዙ ደብር አለ፤ እያንዳንዱ የራሱ መዝገብ አለው።

መንደሩ አሜሪካ ውስጥ ነው የሚገኘው። እዚያው ፒትስበርግ። የተጋቡበት ወይም ልጆቻቸውን ክርስትና ያስነሱበት የክሮአት ቤተ ክርስቲያን ካለ፣ ካህኑ ብዙ ጊዜ የትውልድ መንደሩን ከነደብሩ ይጽፍ ነበር። በ1894 እዚያው አሌጌኒ የተመሠረተው የክሮአቶች ማኅበርም አለ፤ ያኔ ለሞተና ለተጎዳ ሠራተኛ ቤተሰብ የሚደርስ እድር ነበር። ዛሬም አለ። የአባልነት ማመልከቻ ካላቸው ጠይቂ። በ1942 አሜሪካ አዛውንቶችን ሳይቀር ለጦርነት መዝግባለች፤ ያ ካርድ የትውልድ ቦታ ይጠይቃል። በ1917 እና በ1918 የተሞሉትንም እዪ።

#8 ከኦክላንድ

ይህን ክር ሳነብ ደነቀኝ። እዚህ ኒው ዚላንድ የልጄ የቅርብ ጓደኛ ከእናቷ በኩል ማኦሪ፣ ከአባቷ በኩል ዳልማቲያዊት ናት። አያቷ ቤት ለምሳ ጠርተውን ግድግዳው ላይ የቆየ ፎቶ አሳዩኝ። ጭቃ ውስጥ እስከ ጉልበታቸው የገቡ ወጣቶች ረጅም ብረት ይዘው ቆመዋል። በብረቱ መሬቱን እየወጉ የሚፈልጉት የካውሪ ዛፍ ሙጫ ነው። ከሺህ ዓመታት በፊት የወደቁ ዛፎች ሙጫ መሬት ውስጥ ደርቆ ይገኛል፤ ለቫርኒሽ ወደ ውጭ ይሸጥ ነበር።

ለምን እዚህ ድረስ መጡ ብዬ ጠየቅሁ። ነገሩ ወይን ነው። በ1800ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ፊሎክሴራ የሚባል ተባይ የፈረንሳይን ወይን አጠፋ። የዳልማቲያ ገበሬ ወይኑ ተፈላጊ ሆነለት፤ ባዶ መሬት ሁሉ ወይን ተተከለበት፤ ብድርም ተበደረ። ከዚያ በ1891 ኦስትሪያ-ሃንጋሪ ከጣሊያን ጋር በገባችው የንግድ ውል ርካሽ የጣሊያን ወይን ገባ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ተባዩ ራሱ ዳልማቲያ ደረሰ። የሸራ መርከብ ሥራም በእንፋሎት መርከብ ተተክቶ ሞቷል። ደሴት ላይ ያለ ወጣት ምን ይሥራ? ከብራች የተነሳው ወደ ቺሊ፣ ፑንታ አሬናስና አንቶፋጋስታ ሄደ። ከማካርስካና ከኮርቹላ ብዙው እዚህ መጣ። ሉዊዚያና ውስጥ ኦይስተር የሚያረቡት፣ ካሊፎርኒያ ዋትሰንቪል ፖም የሚነግዱትም ከዚያው ዳርቻ ናቸው።

እዚህ ቀላል አልነበረም። በ1898 የወጣ ሕግ ብዙውን የሙጫ መሬት ለእንግሊዝ ተገዢዎች ብቻ አደረገው። ሰነዳቸው ላይ "ኦስትሪያዊ" ስለሚል በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንደ ጠላት ዜጋ ታዩ። እነሱ ደግሞ ከኦስትሪያ ውትድርና የሸሹ ሰዎች ነበሩ! ከማኦሪ ጋር ግን ጎን ለጎን ቆፈሩ፣ ተጋቡ፤ ልጆቻቸው ዛሬ "ታራራ" ይባላሉ። ሱፐርማርኬት ገብታችሁ የኒው ዚላንድ ወይን ጠርሙስ ካያችሁ "ባቢች" የሚል ታገኛላችሁ፤ ያ ቤት በ1916 የተጀመረ ነው።

አያቷን ስለ አርማ ጠየቅኋቸው። የላቸውም። ያላቸው የቤት ስም ነው። መንደራቸው ውስጥ ግማሹ ሰው አንድ ዓይነት የቤተሰብ ስም ስላለው፣ ቤቶቹ በቅጽል ስም ይለያሉ። አንዱ ቤት በቀይ ጸጉር፣ አንዱ በሴት አያት ስም፣ አንዱ በሆነ ሰው ሥራ ይጠራል። ዘመድ ሊፈልጉ ሲሄዱ የቤተሰቡን ስም ሲናገሩ ማንም አላወቃቸውም። የቤቱን ቅጽል ስም ሲሉ ግን መንገድ ላይ የነበሩት ሰዎች ተሰብስበው በሩ ድረስ ወሰዷቸው።

#9 መዝገብ_ወዳድ (ቪየና)

ከኦክላንድ፣ ይህን ማንም ሊዘለው አይገባም። የቤቱ ቅጽል ስም አንዳንዴ በደብር መዝገብ ላይም ከቤተሰቡ ስም ጎን ይጻፋል። እናት በፒትስበርግ፣ አማትሽን ጠይቂያት። ትርጉሙ የማይታወቅ፣ አያት ሲቆጡ ወይም ሲቀልዱ ቤቱን የሚጠሩበት ቃል ነበረ ወይ?

#10 አባ_ጉዞ (አዲስ አበባ)

ልጆቼ፣ ትንሽ ከርዕሱ ልውጣ፤ ሩቅ ግን አልሄድም። ያስትሬባርስኮን አልፎ ያለው ከተማ ካርሎቫትስ ነው ተብሏል። ከዚያ ከተማ የወጡ ሁለት ወንድማማቾች እኛ አገር ኖረዋል። ሚርኮና ስቴቮ ሴልያን ይባላሉ። ከ1899 እስከ 1902 በአፄ ምኒልክ አገልግሎት ነበሩ። ሚርኮን ንጉሡ በደቡብ፣ በሩዶልፍ ሐይቅ በኩል ባለው ጠረፍ ላይ ሾመውት ነበር። ያሰባሰቡት የአገራችን ዕቃ ዛሬም ዛግሬብ፣ የኢትኖግራፊ ሙዚየም ውስጥ አለ። ከእኛ ዘንድ ከሄዱ በኋላ ደቡብ አሜሪካ ገቡ። ሚርኮ በ1913 ፔሩ ውስጥ ሞተ፤ ስቴቮ ብራዚል ቀርቶ በ1936 አረፈ።

ልጅሽ የሁለቱንም ወገን አገር በአንድ ወረቀት ላይ ማገናኘት ከፈለገ፣ ይኸውልሽ እህቴ፣ እውነተኛ ድልድይ አለው።

#11 የሺካጎው

መዝገብ ወዳድ፣ አንድ ጥያቄ። እኔ ሁልጊዜ የማስበው መኳንንት ማለት ቤተ መንግሥት ያለው ነው ብዬ ነው። የብረት ፋብሪካ ሠራተኛ ሆኖ የመኳንንት ዘር የሆነ ፈጽሞ የለም ማለት ነው? ዝሪንስኪ የሚባሉት ታላላቅ ባላባቶች ብቻ ናቸው?

#12 መዝገብ_ወዳድ (ቪየና)

አለ፤ በደንብ አለ። ጥሩ አነሳኸው።

ዝሪንስኪዎች ከላይ ያሉት ናቸው። መነሻቸው የብሪቢር ሹቢች ቤት ነው። በ1347 ንጉሥ ሉዶቪክ የኦስትሮቪትሳ ምሽጋቸውን ወስዶ በምትኩ ዝሪንን ሰጣቸው፤ ስማቸውም ከዚያ መጣ። ኒኮላ ዝሪንስኪ በ1566 የሲጌትን ምሽግ ከሱልጣን ሱሌይማን ጦር ሲከላከል ወደቀ። የልጅ ልጁ ልጅ ፔታር ከፍራን ክርስቶ ፍራንኮፓን ጋር በንጉሠ ነገሥቱ ላይ አሢራችኋል ተብለው ሚያዝያ 30 ቀን 1671 በቪነር ኖይሽታት አንገታቸው ተቀላ። እኔ ካለሁበት ሩቅ አይደለም፤ ሄጄ ቦታውን አይቻለሁ። ንብረታቸው ሁሉ ተወረሰ። ከእነዚህ ቤቶች መወለዱን የሚናገር ሰው ሲመጣ ዛሬም መዝገብ ቤት ያሉ ሰዎች በትዕግሥት ያዳምጡታል፤ ግን ወረቀት ይጠይቁታል።

ከታች ግን ሌላ ዓይነት ነበረ። ከዛግሬብ በስተደቡብ ቱሮፖልዬ የሚባል ሜዳ አለ። በ1225 የዚያ አገር ሰዎች ከግቢ አገልጋይነት ነጻ ወጡ፤ ከዚያ በኋላ ለዘመናት መላው መንደር እንደ መኳንንት ይቆጠር ነበር። የራሳቸው የተመረጠ አለቃ ነበራቸው። ኑሯቸው ግን እንደ ማንም ገበሬ ነው፤ በሬ ጠምደው ያርሳሉ፣ የእንጨት ቤት ውስጥ ይኖራሉ። "የፕለም ባላባት" ይሏቸው ነበር፤ ያላቸው ርስት ጓሮ ውስጥ ያለ የፕለም ዛፍ ነው ለማለት። ያስካ አጠገብ ያለችው ድራጋኒችም እንዲሁ የመኳንንት መንደሮች ማኅበር ነበረች። ስለዚህ እናት በፒትስበርግ፣ መንደሩ ድራጋኒች ከሆነ ነገሩ ሊለወጥ ይችላል። የተገዛው ሥዕል እውነት አይሆንም፤ ጥያቄው ግን እውነተኛ ጥያቄ ይሆናል።

#13 እናት_በፒትስበርግ

መንደሩ ተገኘ!

የድሮው ደብር ተዘግቶ መዝገቡ ወደ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ተዛውሯል። ጽሕፈት ቤት ያለችው ሴት በጣም ደግ ናት፤ የጋብቻውን ገጽ ራሷ ፈልጋ ፎቶ ላከችልኝ። "ጂዮርጂዩስ" ብለው በላቲን ጽፈዋቸዋል። ጁሮ፣ ጆርጅ፣ ጂዮርጂዩስ። ልጄ "አያቴም ጊዮርጊስ ናቸው እኮ!" ብሎ ጮኸ፤ አባቴ ወልደ ጊዮርጊስ ነው ስሙ። ከስሙ ቀጥሎ የአባታቸው ስም አለ። ከዚያ የትውልድ ቦታ፦ "ፔትሮቪና"።

የቤቱን ቅጽል ስም አማቴ ወዲያው አላስታወሰችም። ማታ ግን ደወለች። የባሏ አባት ሲያኮርፉ "ሎንቻር፣ ሎንቻር" ይሏቸው ነበር አለች። ምን ማለት እንደሆነ አታውቅም።

#14 መዝገብ_ወዳድ (ቪየና)

እንኳን ደስ አላችሁ። ሎንቻር ሸክላ ሠሪ ነው። ስማቸው የአንጥረኛ ልጅ፣ ቤታቸው የሸክላ ሠሪ ቤት! አማትሽ በደንብ ካስታወሰች፣ መዝገቡ ውስጥ ከብዙ ኮቫቼቪቾች መካከል የትኛው ቤት እንደሆነ የሚለይላችሁ ይህ ሊሆን ይችላል።

አንድ ጥንቃቄ። ፔትሮቪና የሚባል ሁለት አለ። አንዱ ያስትሬባርስኮ ሥር ነው፤ ሌላው ቱሮፖልዬ ውስጥ፣ ቬሊካ ጎሪትሳ አጠገብ ነው። ኢንተርኔት ላይ አንድ ሰው "ፔትሮቪና ቱሮፖልዬ ነው፣ እናንተ መኳንንት ናችሁ" ቢልሽ አትቀበዪው። የመርከቡ ዝርዝር ያስካ ይላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ነው። ያ ማለት ደግሞ የልጅሽ ወገኖች ባላባት መሬት ላይ የሚሠሩ ገባሮች የመሆናቸው ዕድል ሰፊ ነው። ገባርነት የቀረው በ1848 ነው፤ ሚያዝያ 25 ቀን የክሮኤሺያ ገዥ ("ባን") ዬላቺች በአዋጅ አነሳው። የጁሮ አያት ያን ቀን በሕይወት የነበሩ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። የዘር ሐረግ ሥራው ላይ መጻፍ ያለበት ይህ ይመስለኛል።

አሁን ወደ መዝገቡ። የካቶሊክ ደብሮች የክርስትናና የጋብቻ መዝገብ እንዲይዙ የታዘዘው በትሬንት ጉባኤ፣ በ1563 ነው። የቤተሰብ ስም ሳይለዋወጥ ከልጅ ወደ ልጅ መተላለፍ በገጠር የጸናውም በዚህ የተነሳ ነው። ከብዙ ደብር የድሮው መዝገብ ጠፍቷል። የ1800ዎቹ ግን በብዛት አለ፤ ፎቶ ተነስቶ ፋሚሊ ሰርች በሚባለው የዘር ሐረግ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይታያል። ያስትሬባርስኮን ከፍተሽ የፔትሮቪናን ደብር ፈልጊ። ጁሮ በ1907 ስንት ዓመታቸው ነበር ይላል? ያንን ቀንሺና ከዚያ ዓመት ሁለት ዓመት ወደፊትም ወደኋላም እዪ፤ ዕድሜ በግምት ነበር የሚነገረው።

ገጹን ስታገኚ የቤት ቁጥሩን መዝግቢ። ስም ይመሳሰላል፤ የቤት ቁጥር ግን ይለያል። የክርስትና አባትና እናት ስምም አትዝለዪ፤ ብዙ ጊዜ ዘመድ ወይም የቅርብ ጎረቤት ናቸው፤ እዚያ አሌጌኒ የተቀበላቸውን የአክስት ልጅ ቤት እዚያ ልታገኚው ትችያለሽ።

ከዚያ ለደብሩ በክሮኤሺያኛ አጭር ደብዳቤ እንጻፍላቸው፤ እኔ አዘጋጅልሻለሁ። የምንጠይቃቸው "ስታንዬ ዱሻ" የሚባለውን መጽሐፍ ነው። ካህኑ ቤት ለቤት እየዞረ፣ በየቤቱ ማን እንዳለ፣ አያት፣ ልጅ፣ ምራት፣ የልጅ ልጅ፣ በአንድ ገጽ ላይ የሚጽፍበት ነው። የሄደው ሰው ስም አጠገብ አንዳንዴ "አሜሪካ" የሚል ቃል ብቻ ይገኛል።

#15 እናት_በፒትስበርግ

ሃያ አራት ዓመት ይላል። ዛሬ ማታ ልጁ ከተኛ በኋላ መዝገቡን እከፍታለሁ። ደብዳቤውን ጻፍልኝ ወንድሜ፤ አማቴ ስሟን አብራ መፈረም ትፈልጋለች። አርማውን ግድግዳው ላይ ትተነዋል፤ ጀርባው ላይ ያለውን ወረቀት ግን አማቴ ራሷ ላጠችው፤ በቦታው የጋብቻውን ገጽ ቅጂ ለጥፋበታለች።